ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት መንገድ መታወቁ ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት ያለው ትርጉም

እንደሚታወቀው ሕፃን ሲያስል፣ አፍንጫው ሲታፈንና ትንፋሹ ሲቆራረጥ በአብዛኛው ቤት በቅድሚያ የሚነገረው «ብርድ መታው» የሚለው ቃል ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ አባባሉ ለከፋ ችግር ላይዳርግ ይችላል። ይሁን እንጂ በተለይ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች በሆኑ ጨቅላ ሕፃናት ላይ ከዚህ ምልክት ጀርባ አር.ኤስ.ቪ. በመባል የሚታወቀው የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ሊኖር ይችላል። ቫይረሱ የሳንባን ጥቃቅን የአየር ቱቦዎች በማሳበጥና በአክታ በመድፈን ሕይወትን እስከ መንጠቅ ይደርሳል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከሆነ ቫይረሱ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለሆስፒታል ሕክምና ይዳርጋል፤ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉትንም ለሞት ያበቃል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 6 ወር ያልሞላቸው ሲሆኑ፣ 97 በመቶው ሞት የሚደርሰው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ባወጣው ሰነድ ሀገራት ጨቅላ ሕፃናትን ከዚህ ቫይረስ የሚከላከሉ ሁለት አማራጮችን እንዲጠቀሙ መክሯል። የሁለቱም አማራጮች መነሻ አንድ ሳይንሳዊ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ቫይረሱ እንዴት ይገባል?

ቫይረስ ብቻውን ሊራባ አይችልም። ለመራባት ወደ ሕያው ሕዋስ ገብቶ የሕዋሱን አሠራር ለራሱ ጥቅም ማዋል ይኖርበታል። አር.ኤስ.ቪ. በአፍንጫ፣ በአፍ ወይም በዓይን በኩል ሲገባ በላዩ ላይ ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ ከመተንፈሻ አካል ሕዋስ ጋር ያጣብቀዋል። «ኤፍ» የተባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ይህ ፕሮቲን እንደተጠቀለለ ሽቦ ተኮማትሮ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ በድንገት ተዘርግቶ የሕዋሱን ሽፋን ይወጋል። ወዲያውም በራሱ ላይ ተመልሶ በመታጠፍ የቫይረሱንና የሕዋሱን ሽፋን አቀራርቦ ያዋሕዳቸዋል። ቫይረሱ የሚገባውም በዚህ መንገድ ነው።

በመሆኑም «ኤፍ» ፕሮቲን ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ሁለት የተለያዩ ቅርጾች አሉት። ሰውነታችን የሚያመርታቸውና አንቲቦዲ የሚባሉት ተከላካዮች ቫይረሱን በሚገባ የሚያግዱት የመጀመሪያውን ቅርጽ ለይተው ሲይዙ ነው። ሁለተኛውን ቅርጽ ብቻ የሚያውቅ ሰውነት ሌባው ከገባ በኋላ በር ላይ ዘበኛ እንደሚያቆም ቤተሰብ ይሆናል።

ውድ ዋጋ ያስከፈለው ሙከራ

ይህ ልዩነት ባልታወቀበት ዘመን የተደረገ ሙከራ አሳዛኝ ውጤት አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1966 ገደማ በአሜሪካ በፎርማሊን የተገደለ የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ለሕፃናት ተሰጥቶ ነበር። በአንደኛው ቡድን ከተከተቡት 31 ሕፃናት መካከል 20ዎቹ ከጊዜ በኋላ በቫይረሱ ሲያዙ 16ቱ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሁለት ሕፃናት ሕይወትም አልፏል። የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ባልተሰጣቸው ሕፃናት ዘንድ ግን በቫይረሱ ከተያዙት 21 መካከል ሆስፒታል የገባው አንድ ብቻ ነበር። ሊከላከል የታሰበው ክትባት ሕመሙን አባብሶታል ማለት ነው።

ከረጅም ዓመታት በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ከምክንያቶቹ አንዱ በክትባቱ ውስጥ የነበረው ፕሮቲን በአብዛኛው ሁለተኛውን ቅርጽ የያዘ መሆኑ ነው። የሕፃናቱ ሰውነት ቫይረሱን ማገድ የማይችሉ አንቲቦዲዎችን አመረተ፤ ቫይረሱ ሲመጣም ሳንባን የሚጎዳ ብግነት ተከተለ። በዚህም የተነሳ የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ምርምር ለአሥርት ዓመታት በከፍተኛ ጥንቃቄ ሲጓዝ ቆይቷል።

የ2013 ግኝት

በዚህ ቫይረስ ላይ ለረጅም ጊዜ የሠሩት የቫይረስ ተመራማሪ ዶክተር ባርኒ ግራሃም፣ ከጄሰን ማክሌላን፣ ከፒተር ክዎንግና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር በሚገኘው የክትባት ምርምር ማዕከል ጥያቄውን እንደገና አነሡ። ችግሩ የመጀመሪያው ቅርጽ እጅግ ያልተረጋጋ በመሆኑ ለምርመራ ሲወሰድ ወዲያው ወደ ሁለተኛው መለወጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑን አጥብቆ በሚይዝ አንቲቦዲ አማካይነት ባለበት አቁመው እ.ኤ.አ. በ2013 ትክክለኛ ቅርጹን ለማየት ቻሉ። በዚያው ዓመትም በፕሮቲኑ ውስጥ ጥቂት ለውጦች በማድረግ የመጀመሪያውን ቅርጽ ይዞ እንዲቆይ አደረጉት።

የዚህ እውቀት ጥቅም በአንድ ቫይረስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ፕሮቲንን ከመግባቱ በፊት ባለው ቅርጽ የማቆየት ዘዴ ለኮሮና ቫይረሶችም ተሠርቶበታል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ሀገራችን ከተጠቀመችባቸው ክትባቶች መካከል የፋይዘርና የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባቶች በዚሁ ዘዴ የተዘጋጁ ነበሩ።

ሁለቱ የመከላከያ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ክትባት ነው። እናቲቱ ስትከተብ ሰውነቷ የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይተላለፋሉ፤ ሕፃኑም ተከላካዩን ይዞ ይወለዳል። አሠራሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሲወስዱ የኖሩት ራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሚወለደውንም ሕፃን ለመጠበቅ ነው። በ18 ሀገራት በተካሄደ ሙከራ ክትባቱ ከባድ የአር.ኤስ.ቪ. ሕመምን ከተወለዱ በኋላ ባሉት 90 ቀናት በ81.8 በመቶ፣ በ180 ቀናት ደግሞ በ69.4 በመቶ ቀንሷል።

ሁለተኛው አማራጭ ኒርሴቪማብ የተባለው ተዘጋጅቶ የሚመጣ አንቲቦዲ ሲሆን፣ ለሕፃኑ ራሱ በአንድ መርፌ ይሰጣል። ጥበቃው ቢያንስ ለ5 ወራት ይቆያል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። በሙከራው ወቅት ከተከተቡት እናቶች መካከል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር በጥቂቱ ከፍ ብሎ ታይቷል። ልዩነቱ የክትባቱ ውጤት መሆኑ ባይረጋገጥም አሜሪካ ክትባቱ ከ32ኛው እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ወስናለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲሰጥ ይመክራል። አንቲቦዲው ወደ ጽንሱ ለመተላለፍ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልገው ክትባቱ ከወሊድ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቢሰጥ ሙሉ ጥቅም አያስገኝም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር የምርምሩ ውጤት ሕፃኑ ዘንድ የሚደርሰው እናቲቱ በጊዜው በጤና ተቋም ስትገኝ መሆኑን ነው። የእርግዝናዋ ሳምንት በውል ያልታወቀ፣ ክትትሏንም በመጨረሻው ወር የምትጀምር እናት ጊዜን መሠረት አድርጎ ከሚሰጥ ከማንኛውም አገልግሎት የመጠቀም ዕድሏ ይጠባል።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቀው

ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ መውጣቱ ብቻውን አገልግሎቱ በየጤና ጣቢያው ይሰጣል ማለት አይደለም። የትኛው ክትባት በየትኛው ተቋም እንደሚሰጥ በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ባለሙያ ይጠይቁ። እስከዚያው በእጃችን ያሉትን መከላከያዎች በሚገባ መጠቀም ተገቢ ነው።

የቅድመ ወሊድ ክትትልዎን ከ12ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ይጀምሩ፤ አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ለሕፃንዎ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይስጡ። መደበኛ ክትባቶችን በወቅቱ ያስከትቡ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች አር.ኤስ.ቪ.ን ባይከላከሉም በባክቴሪያ ከሚመጣ የሳንባ ምች ይታደጋሉ። ሕፃኑን ከማገዶና ከሲጋራ ጭስ ያርቁ።

አራስ መጠየቅ የኖረ መልካም ባህላችን ነው። ሆኖም ለአዋቂ ቀላል ጉንፋን የሚሆነው ቫይረስ ለአራስ ልጅ ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ እስኪሻለው ቢቆይ፣ ሌላውም እጁን በሳሙና ታጥቦ ሕፃኑን ሳይስም ቢጠይቅ ፍቅሩን በተሻለ መንገድ ይገልጻል።

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አያጠፋም፤ የሚያስፈልግ መሆኑን መወሰን ያለበትም የጤና ባለሙያ ነው። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት መግዛትም ሆነ ከሌላ ልጅ የተረፈውን መስጠት አይገባም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለሳልም ሆነ ለትንፋሽ መቆራረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ደም መፍሰስንና መመረዝን ያስከትላል።

ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ የታችኛው የደረቱ ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሳይነጋ ሳይመሽ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርም ይጠቅማል። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነውና ሕክምና ይሻል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ተመራማሪዎቹ ቫይረሱን ከመግባቱ በፊት ለማገድ የደከሙለት ሥራ ፍሬ የሚያፈራው ቤተሰብም ሕመሙ ሳይጠና ቀድሞ ሲደርስ ነው። ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንዲያነጋግሩ በአክብሮት እናሳስባለን።