የስልኩ ዜሮና የኛ ውርጭ



ሰሞኑን በሰፈራችን አንድ ወሬ ተነሥቶ ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ለወንጪ የሌሊቱ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ይሆናል የሚል አየና ለጎረቤት አሳየ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው «ወንጪ ላይ እንደ ፈረንጅ አገር በረዶ ሊጥል ነው፣ ወደ አምቦም ይወርዳል» ሆኖ አረፈው። ውጭ አገር ልጅ ያላቸው እናት ደግሞ «ዜሮ ከሆነማ ይጥላል፣ ልጄ እንዲህ ነው የነገረኝ» ብለው አጸኑት። ሁለት ሌሊት ተጠበቀ፤ የጣለ ነገር የለም። አሁን ደግሞ ሁሉም ተገልብጦ «ትንበያ የሚባለው ውሸት ነው» ይላል።

እኔ ሁለቱም አነጋገር ጉዳት አለው ባይ ነኝ። ትንበያውን ሳንረዳው አመንነው፣ ሳንረዳውም ጣልነው።

መጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። እኛ በረዶ የምንለው ሦስት ነገር ነው። በነጎድጓድ ዝናብ መሐል ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው። የረጋ ውኃም በረዶ ነው። በፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በረዶ እንለዋለን። አባቶቻችን ግን ይለዩት ነበር፤ ዳዊት የሚደግም ሰው በረዶ፣ አመዳይና ውርጭ ለየብቻ እንደሚጠሩ ያውቃል። ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የምናገኘው ከሰማይ የወደቀ አይደለም። እዚያው ሣሩ ላይ የረጋ እርጥበት ነው።

እንደ ጥጥ የሚወርደው እንዲወርድ ብርድ ብቻውን አይበቃም፣ ደመናም ያስፈልጋል። በኛ አገር ሁለቱ አብረው አይገኙም ማለት ይቻላል። ደመናው ያለው በክረምት ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሊቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ብርዱ የሚጠነክረው ከጥቅምት እስከ ጥር በበጋው ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዚያ ላይ በኛ ሰማይ አየሩ ዜሮ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ4,500 ሜትር ገደማ ወዲያ ነው። ስሜን ተራራ ላይ፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ይጥላል። የወንጪ ጫፍ ግን 3,300 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ስልኩ ለወንጪ ዜሮ ሲል ውርጭ ማለቱ ነው እንጂ የፈረንጅ በረዶ ማለቱ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ የወንጪ ቁጥር የአምቦ ቁጥር አይደለም። ከተማችን ያለችው 2,100 ሜትር ያህል ላይ ነው። በተለመደው ቀን አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በዚህ ሂሳብ ወንጪ ጫፍና አምቦ 8 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ስልኩ ደግሞ አገሩን በትልልቅ ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። አንዱ ካሬ ዘጠኝ ኪሎ ሜትርም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ተራራውንና ሸለቆውን አንድ ላይ አማክሎ ይወስዳቸዋል። በተራራ ሥር ላለ እንደኛ ዓይነት ከተማ ይህ ትልቅ ስሕተት ያመጣል።

ታዲያ አምቦ ከውርጭ ነፃ ናት ማለት ነው? አይደለም። ሰማይ በጠራና ነፋስ በተኛ ሌሊት መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ የሚመልስለት ደመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና ዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። በእንዲህ ያለ ሌሊት የሁሉቃ ዳር ያለው ጓሮ ከዳገቱ ጓሮ ይብሳል። ቴርሞሜትርም የሚሰቀለው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲል ሣሩ ዜሮ ሊገባ ይችላል። «ዜሮ አልተባለም» ብሎ መተኛት ስለዚህ አያዋጣም።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር በዜናው መጨረሻ፣ በደጋማ ቦታዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ እንደሚጠነክር በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። «ደጋ የሚለው ለነጀልዱ ነው፣ ለኛ አይደለም» ብዬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሳልለጥፈው ቀረሁ። በሦስተኛው ማለዳ በወንዙ ዳር ያሉ የማኅበራችን አባላት የድንችና የቲማቲም ችግኛቸው እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ አገኙት። አንዲት እናት ቲማቲሙን ሸጠው የልጅ ልጃቸውን ደብተርና ጫማ ሊገዙ ነበር። «ጸሐፊ፣ ሰምተህ ነበር እንዴ?» ሲሉኝ አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የአንድ ማታ ጭድ ያድነው ነበር።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «አባቶቻችን ሞራ አይተው፣ ከብት አይተው ያውቁ ነበር፣ ሬዲዮ ምን ያደርጋል» ይላሉ። እኔ የሽማግሌ ዕውቀት አልንቅም። የትኛው ጎድጓዳ ቀድሞ እንደሚነጣ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ከሩቅ የሚመጣውን አየር ከሰፈር ሆኖ ማየት አይቻልም። ለዚያ ነው መሥሪያ ቤት የቆመው። የሜትሮሎጂ ሥራ ከሲቪል አቪዬሽን ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ያወጣል፣ የአሥር ቀንም አለው። መሥሪያ ቤቱ የሰማዩን ይንገረን፣ ሽማግሌው የመሬቱን ይንገረን። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ለሰፈር የሚሆን ትንበያ የሚወጣው።

ትንበያ ስንሰማም አሰማማችንን እናስተካክል። «60 በመቶ ይዘንባል» ማለት ይዘንባል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ካሉ አሥር ቀኖች በስድስቱ ይዘንባል፣ በአራቱ አይዘንብም ማለት ነው። ጠጠር በረዶ የትኛው ሰፈር እንደሚወርድ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ሊነግራችሁ የሚችል ሰው የለም፣ ደመናው ከተነሣ በኋላ ቢነገር ነው። ውርጭ ግን ይሻላል፣ ከቀናት በፊት ይታያል። የምንችለውን ትተን የማይቻለውን አንጠብቅ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚያሳይ ሁለት ቴርሞሜትር ይግዛ። አንዱ በወንዙ ዳር፣ አንዱ በዳገቱ ይሰቀል። የተማሩት ልጆቻችን በየማለዳው እያነበቡ በደብተር ይጻፉ። ሁለት ሦስት በጋ ሲጻፍ ስልኩ ለኛ ሰፈር በስንት ዲግሪ እንደሚሳሳት እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ የአሥር ቀኑ ትንበያ በወጣ ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት ቤት ለቤት ይነገር። ይህ የኔ ሥራ ነው፣ ብረሳ ጠይቁኝ።

ሦስተኛ፣ ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱ ከተኛና ቀኑ ደረቅ ከዋለ ችግኝ ያለው ሰው ማስታወቂያ አይጠብቅ። መሬቱን አስቀድሞ ያጠጣ፣ እርጥብ መሬት ሙቀት ይይዛልና። ችግኙን በጭድ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይግለጥ።

ገንዘብ ያዣችን «የማኅበሩ ገንዘብ ለለቅሶ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ፣ እውነታቸውንም ነው። ግን በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ብርዱ እንደሚጠነክር ቀድመን ከተናገርን፣ ከሰሉም ውጭ ይቅር ካልን፣ ለለቅሶ የምናወጣውንም እንቀንሳለን። ለአረጋውያኑ ከድንኳን በፊት ብርድ ልብስ ይድረሳቸው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። አጥንቱን እያንዳንዱ ከቤቱ ይፈልግ፣ ወሬውን ግን ማኅበሩ አጣርቶ ያቅርብ። ዘንድሮ በወንዙ ዳር «ሰምተህ ነበር እንዴ?» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ