የተቀናበረ ፎቶ ሁሉ ውሸት ነው?

በእኛ ትምህርት ክፍል አንድ ፎቶ «የተቀናበረ ነው» ከተባለ አለቀ፣ ውድቅ ነው። ለዜና ፎቶ ሕጉ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ያልተቀናበረ የሚመስለውን ሁሉ «እውነት» ብለን ማሳለፋችን ግን አይዋጥልኝም።

እስቲ የሞሮኳዊቷን ፎቶግራፈር የላላ ኤሳይዲን ሥራዎች እዩልኝ። «ኮንቨርጂንግ ቴሪቶሪስ» ለተባለው ሥራዋ (እ.ኤ.አ. 2003–2004) ሴቶችን ያነሣችው ሞሮኮ ውስጥ ባለ የቤተሰቧ ሰፊ ቤት ነው። ቤቱ ዝም ብሎ ቤት አይደለም። ከትእዛዝ የወጣች ልጃገረድ ከአገልጋዮች ጋር ብቻ፣ የሚያናግራት ሳይኖር፣ አንዳንዴ ለወር ያህል የምትቆይበት ነበር። ኤሳይዲ ክፍሉን በጨርቅ ሸፈነችው። በጨርቁ፣ በልብሳቸው፣ በፊታቸውና በእግራቸው ላይ ሳይቀር የራሷን የግል ማስታወሻ በሂና ጻፈችበት። በባህሉ የቁም ጽሕፈት የወንድ ጥበብ ነው፤ ሂና ደግሞ፣ እንደ እኛ እንሶስላ፣ የሴት ጌጥ። ሁለቱን ደራረበቻቸው። ጽሑፉ ዓረብኛ ለሚችልም ሰው በቀላሉ አይነበብም፤ ገመናዋን አደባባይ አውጥታም ገመናዋን ጠበቀች ማለት ነው።

ቀጥላ ወደ አውሮፓ ሠዓሊዎች ዞረች። ፈረንሳዊው አንግር በ1814 ራቁቷን የተጋደመች የሐረም ሴት ሥሏል። ሰውዬው ምሥራቁን በዓይኑ አይቶ አያውቅም! እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ግን የዚያን አገር ሴት መልክ ሆነው ቀሩ። ኤሳይዲ በ2008 ያንኑ አጋደም ይዛ፣ ሴትየዋን ጽሑፍ በሞላበት ጨርቅ ጠቅልላ አነሣቻት። የፊልሙን ጥቁር ጠርዝ እንኳ አልቆረጠችውም። ይሄ የተሠራ ምስል መሆኑን ከማንም አልደበቀችም።

ወደ እኛ «ተፈጥሯዊ» ፎቶ እንምጣ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት አሉ እንበል። «እማማ፣ እስቲ አንዴ ይመለሱና እንደገና ይምጡ!» ሲባሉ ስንቴ ሰምቻለሁ። ሸክሙ እኮ ጀርባቸው ላይ ነው! በሳምንቱ ፎቶው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ርዕሱ «ጽናት»፣ ስማቸው የለም። እንዲመለሱ መደረጋቸውም የለም።

ታዲያ የቱ ነው የተቀናበረው?

በበኩሌ የኤሳይዲ ሥራ በፎቶ ኮርሳችን ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ሰሌዳው ላይ በሚለጠፈው ፎቶ ሥር እናትየዋ ፈቅደው ከሆነ ስማቸው፣ ስለ ሸክሙ ራሳቸው ያሉት፣ ለፎቶው ሲባልም ስንቴ እንደተመላለሱ ይጻፍ። ሁለት መስመር ቢፈጅ ነው።