የሳምንቱ ውይይታችን፦ ሳናነብ አንፈርም

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅ ተወያይተን ነበር። የዛሬው ርዕሳችን ከቤት ውስጥ ነው። ስለ ባልና ሚስት ገንዘብ እንነጋገራለን።

«እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፤ ትዳርን የት ታውቁታላችሁ?» የሚሉን አባቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ አስተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ነን፤ ገና ጎጆ አልወጣንም። ነገር ግን በትምህርት ጣቢያችን ያየነውን መናገር እንችላለን።

አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ደብተር ስንሰበስብ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት ፈትተው አወጡ። «ልጆቼ፣ ይችን እኔው ላንብባት፤ ስሳሳት አርሙኝ» አሉ። መብራቱን አስጠጋንላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡ። «የ… መ… ሬ… ት።» ቀጠሉ። «ኪ… ራ… ይ።» ከዚያ «5 ዓመት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ምልክት አለ። አንዱ የባላቸው ፊርማ ነው። ሁለተኛው የእርሳቸው የአውራ ጣት አሻራ ነው።

«የማዳበሪያ ወረቀት ነው፣ ጣትሽን አሳርፊ አለኝ፤ አሳረፍኩ» አሉ። ለካስ የወንዝ ዳሩ ማሳ ለሌላ ሰው ተከራይቷል። ገንዘቡን ባል ብቻቸውን ተቀብለዋል። እኒህ እናት አንድ ብር አላዩም። ዓመቱን ሙሉ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ደብተር ሲለምኑ ነው የኖሩት። የሚለምኑት ግን የራሳቸውን ገንዘብ ኖሯል።

ምን እንበል? ዝም አልን። እርሳቸው ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ቋጠሩት። «ማንበብ ባልችል ይሻለኝ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው መለሱ። «አይ፤ አይሻልም።»

አንባብያን ሆይ፣ በደል ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። የገንዘብ በደልም አለ። ሚስት ቅቤና እንቁላል ሸጣ ስትመለስ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ሳንቲም መንጠቅ በደል ነው። ሳይመክሩ በሬ መሸጥ፣ ሳይናገሩ መበደር፣ ገበያ እንዳትወጣ መከልከል በደል ነው። አታልሎ ማስፈረምም በደል ነው። ሴትም በባሏ ላይ ልታደርገው ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚደርሰው በሴቶች ላይ ነው። ገንዘብ በእጇ የሌላት ሴት ብትበደልም የምትሄድበት የላትም። ስለዚህ ችላ ትኖራለች።

ይህን በክፍል ስናነሣ አንድ አባት ተቆጡ። «ታዲያ ቤት ያለ ራስ ይቆማል?» አሉ። ጥያቄያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ዛሬ ግን እንዲያ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 35፣ ሴቶች መሬትን በመጠቀምና በማስተዳደር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የእኛም የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። የባልና ሚስት የጋራ መሬት ከሆነ በይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። እስቲ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ደብተሩን አውጥታችሁ ተመልከቱ። አሁን ስማችሁን ማንበብ ትችላላችሁ።

የእኒያ እናት ነገር ምን ሆነ? ጉዳዩን ለሽማግሌ ነገሩ። ባልም ተጠርተው መጡ። የተዝካር ዕዳ ነበረባቸው። «ለእርሷ መናገር አፈርኩ» አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እኛም አዘንን። ዕዳ ያስጨንቃል። ሆኖም የሚያሳፍረው ዕዳው ሳይሆን ማታለሉ ነው። ቢናገሩ ኖሮ ሁለቱ መክረው አንድ በግ ሸጠው ሊከፍሉ ይችሉ ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ በሽማግሌ እጅ ነው። ሽማግሌ ካልፈታው ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ የእርሳቸው መብት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ያላነበብነውን ወረቀት አንፈርም። አስቸጋሪ ከሆነብን በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልን።

2. ከፈረምን አንድ ቅጂ እንቀበል። ቅጂውን በደህና ቦታ እናስቀምጥ።

3. በትምህርት ደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ላይ መስመር እናስምር። በአንድ በኩል «ገባ»፣ በሌላው በኩል «ወጣ» እንበል። ባልና ሚስት እሑድ እሑድ አብረው ያንብቡት።

4. በደል ሲደርስ ለዘመድ፣ ለሽማግሌ፣ ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንንገር። ዱላ የሚያሰጋት ሴት ብቻዋን አትጋፈጥ።

የሒሳብ ልምምድ፦ አንዲት ሴት 20 እንቁላል፣ አንዱን በ15 ብር ሸጠች እንበል። ከገንዘቡ 60 ብር ለጨውና ለሳሙና አወጣች። ስንት ብር ገባ? ስንት ወጣ? ስንት ቀረ? የቀረውን ማን ያስቀምጠው? የመጨረሻው ጥያቄ ሒሳብ ብቻ አይደለምና ቤት ሄዳችሁ ተመካከሩበት።

የምንጽፋቸው ቃላት፦ ውል፣ ኪራይ፣ አሻራ፣ ዕዳ፣ የጋራ። እያንዳንዱን 5 ጊዜ ጻፉ።

ትናንት ማታ እኒያ እናት ሰሌዳው ፊት ቆመው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛዋ ፊደል ተጣመመች። አጠፏትና እንደገና ጻፏት። «ከእንግዲህ ጣቴን ቀለም አልነክርም» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰኝ እንዴት እንደሚነበብ እንማራለን። ደረሰኝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ደህና ሰንብቱ።