በውርጭ ጠዋት አልነሣ ስላለው ትራክተር



በዱባይ፣ በሻርጃና በዓጅማን የምትኖሩ ምእመናን ከኅዳር ጽዮን በዓል ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ልካችሁልናል፤ «ትራክተሩ በብርድ አልነሣ ካለ ትልቅ ባትሪና ሞተር የሚያስነሣ የኤተር ጣሳ ገዝተን እንላክ ወይ?» የሚል ነው። የጥያቄው ምክንያት ለሁላችንም ግልጽ ነው። ለበዓሉ እንግዶች ውኃ የሚያመላልሰው ይኸው ትራክተር ነው፤ እርሱ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተነሣ አርድእቱ ጀሪካን አዝለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ሕሙማንና አረጋውያንም ውኃ ሲጠብቁ ያረፍዳሉ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ኤተሩን አትላኩ፤ ባትሪውንም ገና አትግዙ። የምትልኩት ገንዘብ በሰው ቤት ከማለዳ እስከ ሌሊት ቆመው የሚውሉ እኅቶቻችን ላብ ነውና፣ በሽታው ሳይታወቅ ለመድኃኒት ሊወጣ አይገባውም። በሽታውን ለማወቅ ደግሞ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ይቀድማል።

የቤንዚን ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እሳት የሚለኩስለት ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1893 በጀርመን የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ አየርን አምቆ በማጋል ላይ የቆመ ነው። ፒስቶኑ ሽቅብ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከቀድሞ መጠኑ ወደ አሥራ ስድስተኛ ወይም ወደ አሥራ ስምንተኛ እጅ ያሳንሰዋል። የታመቀው አየር ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጁ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ ይህንኑ ዳስሶታል። እንግዲህ «ሞተሩ አልነሣም» ማለት አየሩ አልጋለም ማለት ነው፤ አንድም ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው።

አየሩ የማይግልበት ምክንያት አራት ነው። አንደኛው የሚገባው አየር ራሱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የሚገባው አየር አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የታመቀው አየር ወደ ሁለት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛው አየሩ ሲሳሳ ነው። ሦስተኛው ፒስቶኑ በዝግታ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ በቀዝቃዛው ብረት ይመጠጣል፣ አየሩም በፒስቶኑ ጎን ያመልጣል። አራተኛው የሚያምቁት ዕቃዎች፣ ማለትም መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስቶን ቀለበቶችና ቫልቮች፣ ሲያረጁ ነው።

አሁን ከሻርጃ ገበያ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ደጋ የወጣ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን አስቡ። ሻርጃ በባሕር ጠለል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥር ሌሊት እንኳ ብርዷ እኛ ብርድ ከምንለው አይደርስም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ በአንድ ጊዜ ይነሣ የነበረ ሞተር እዚህ በቀዘቀዘና በሳሳ አየር ይፈተናል። ከዚህም ሌላ በሞቃት አገር ወፍራም ዘይት መጠቀም የተለመደ ነው፤ የአየር ማሞቂያውም ስለማያስፈልግ ሽቦው ተፈትቶ ቢቀር የሚያስተውለው የለም። ይህ የሸጠውን ሰው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ትራክተሩ የመጣበትን አገር ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

ምርመራው የሚጀምረው ከጭስ ማውጫው ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ነጭ ጭስ እየወጣ አልነሣ ካለ፣ ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ጭራሽ ጭስ ካልታየ ግን ናፍጣው አልደረሰም። ይህን ያላየ ሰው ባትሪ ቢለውጥ፣ ሞተሪኖ ቢለውጥ በጨለማ እንደሚዳብስ ነው።

ጭስ ካልታየ አስቀድሞ የማጥፊያው እጀታ ተስቦ እንዳልቀረ ይታይ፤ ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ጠዋት ያባከነ ግን እርሱ ነው። ቀጥሎ የናፍጣው ፊልትሮ ከሥሩ ተከፍቶ ውኃው ይፍሰስ። ማታ በደኅና ሠርቶ ጠዋት ያለ ጭስ ብዙ የሚዞር ሞተር ብዙውን ጊዜ በመስመሩ አየር ይስባል፤ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ሰርባቶዮው ይመለሳል። መድኃኒቱ በየማያያዣው ያሉትን የመዳብ ቀለበቶች መለወጥና አየሩን በእጅ ፓምፑ ማስወጣት ነው። ወጪው ጥቂት ነው።

ነጭ ጭስ ከታየ ወደ ፍጥነቱ እንሂድ። ያረፈ፣ በሚገባ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ በ0 ዲግሪ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ነገር ግን ባትሪው ደኅና ሆኖ ጫፎቹ አመድ የመሰለ ዝገት ለብሰው፣ ወይም ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያዘው ገመድ ላልቶ፣ ጉልበቱ በመንገድ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጫፎቹን በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ ማንጻት፣ አጥብቆ ማሰር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ተደርጎ፣ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ያን ጊዜ ባትሪው ይጠረጠር።

ዘይቱ የፍጥነት ሁለተኛ ጠላት ነው። ቁጥሩ 50 ብቻ የሆነ ወፍራም ዘይት በውርጭ እንደ ማር ይከብዳል፤ ሞተሪኖውም ጉልበቱን ዘይት በማላወስ ይጨርሳል። 15ደብልዩ-40 የተባለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ግን በብርድ ያን ያህል አይከብድም፣ በሙቀትም ኃይሉን ይጠብቃል። ሞተሩ ሲነሣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ መያዝም ይገባል፤ ያለዚያ ሞተሪኖው በማርሽ ሳጥኑ ያለውን የረጋ ዘይት ጨምሮ ይጎትታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ማሞቂያው ነው። በፐርኪንስ ሞተር ማሴ ፈርጉሰኖች ላይ አየር በሚገባበት ቱቦ የተሰካ፣ ቴርሞስታርት የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ቁልፉ በማሞቂያው ቦታ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሲያዝ በውስጡ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ ይንጠባጠብበታል፣ በትንሽ ነበልባልም የሚገባውን አየር ያሞቃል። በደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠሙ የነበሩት የቤላሩስ ትራክተሮችም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ማሞቂያ አላቸው። የሚመረመረው ሦስት ነገር ነው፤ ሽቦው መብራት ይደርሰዋልን? ናፍጣ የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ አልተደፈነምን? ከተያዘ በኋላ በእጅ ጀርባ ቀረብ ብለው ሲሞክሩት ይሞቃልን? በዚህ ዕቃ አንድ ደጋ ትራክተር ይድናል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሞተሩ በሞቀ ቀን የሚነሣ፣ በብርድ ግን የማይነሣ ከሆነ፣ ያረጀው ውስጡ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከል፤ ኢንጀክተሮቹ በሚገባ የሚረጩ መሆናቸው ይፈተሽ፤ የእመቃው ግፊትም በመለኪያ ይለካ። የፋሻ መለወጥ ትልቅ ወጪ ነውና፣ ያለ መለኪያ በግምት አይወሰንበት።

ወደ ኤተሩ ልመለስ። ኤተር ከናፍጣ በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ፒስቶኑ ገና ሽቅብ ሲወጣ ቀድሞ ይፈነዳና ወደ ታች ይመታዋል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ የፒስቶኑን ዘንግ ያጣምማል። ቴርሞስታርት ባለበት ሞተር ደግሞ ነበልባሉ ኤተሩን በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው የሚረጨው ልጅ ዓይንና እጅ ነው። በአውሮፕላን ሻንጣ መያዝም የተከለከለ ነው።

ለወንድሞችና ለአርድእትም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ኮፓ ከሚባለው የዘይቱ ቋት ሥር እሳት አታንድዱ፤ አሮጌ ሞተር ዘይትና ናፍጣ ያንጠባጥባልና ከትራክተሩ አልፎ ሰው ይበላል። በናፍጣው ፖምፓ ላይ የፈላ ውኃ አታፍስሱ፤ በውስጡ ያሉት የተሳሳሙ ብረቶች እኩል ስለማይሞቁ ይነካከሳሉ። በግፊ ለማስነሣት ብላችሁም ቁልቁለት ላይ አታሳድሩት፤ ሞተሩ ሳይነሣ ፍሬኑ ቢከዳ የሚያቆመው የለም።

በእሳቱ ፈንታ የሚሠራው ይህ ነው። ማታ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ትራክተሩ ከጣሪያ ሥር ይግባ፤ ሰርባቶዮው ይሞላ፣ ባዶ ቦታው ሌሊት ውኃ እንዳያቋጥር። ባትሪው ተፈትቶ እሳት በማይነድበት፣ ብርድ በማይገባበት ክፍል ይደር። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የራዲያተሩ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳና ጠዋት ሞቅ ተደርጎ፣ ሳይፈላ፣ ቀስ እየተባለ ይመለስ። ውኃው የብርድ መከላከያ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ግን መርዝ ነውና፣ የሚሞቅበት ዕቃ ከማኅበር ቤቱ ማድጋና ድስት ፈጽሞ ይለይ። ሲነሣም የነዳጅ እጀታው ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ሞተሪኖው ከ15 ሰከንድ በላይ አይዙር፣ በየመካከሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፤ እንደ ተነሣም ነዳጁ ወዲያው ይቀነስ።

እንግዲህ ምን እንላክ ለምትሉ፤ ወደ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል የመለዋወጫ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶግራፍ እንልክላችኋለን። በአሮጌ ትራክተር ላይ ሞተሩ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የትራክተሩ ስም ብቻ አያስተማምንም። በዚያ ቁጥር አዲስ ቴርሞስታርት፣ የናፍጣ ፊልትሮዎች፣ የመዳብ ቀለበቶችና ወፍራም የባትሪ ገመድ ግዙ። እነዚህ በአንድ ሻንጣ ይገባሉ። ዘይቱና፣ ካስፈለገም ባትሪው፣ ከዚሁ ከአገር ቤት ይገዛሉ።

እኛም በበኩላችን ጫፎቹን አጥበን፣ ዘይቱን ለውጠን፣ ማሞቂያውን መርምረን፣ የባትሪውንና የእመቃውን ልኬት ጽፈን በሚቀጥለው እትም እናቀርባለን። ከዚያ በኋላ የጎደለ ነገር ቢኖር ስሙንና ዋጋውን ለይተን እንጠይቃችኋለን፤ ከዚያ በፊት ማንም በገዳሙ ስም ለትራክተር ገንዘብ ቢሰበስብ አትስጡ።

ይቆየን።