ጥቁሩ ፕላስቲክ በካሬ ብቻ አይሸጥ

ጂኦሜምብሬን የሚለው ስም ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። በትልልቅ ጥቅል የሚመጣ፣ ጥቁርና ደንደን ያለ ፕላስቲክ ነው። ገበሬው የዝናብ ውሃ ማቆሪያውን ያለብስበታል፤ የአበባ እርሻው ውሃ ያጠራቅምበታል፤ ፋብሪካው የፍሳሽ ኩሬውን ያነጥፍበታል፤ ማዘጋጃ ቤትም ከቆሻሻ ክምር ሥር ሊያነጥፈው ይገባል። አንዳንዱ "ሸራ" ይለዋል። ሸራ ግን አይደለም። ሸራ የአንድ ክረምት ዝናብ ይመልስ ይሆናል እንጂ ውሃና ፍሳሽ ለዓመታት ይዞ አይቀመጥም።

እንግዲህ የዚህን ዕቃ ገበያ የሚያበላሸው ምንድነው ቢባል፣ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ገዢው ገና ከበር ሲገባ "ካሬው ስንት ነው?" ይላል። ደላላውም ስልኩን አንስቶ ያንኑ ይጠይቃል። ካሬ ሜትር የሚለካው ስፋትን ብቻ ነው። ገዢው የሚከፍለው ግን ለፕላስቲኩ ሥጋ ነው፤ ሥጋው ደግሞ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትርም 1 ሚሊ ሜትርም ሜዳ ላይ ሲዘረጉ ጥቁር ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ፤ በዓይን ብቻ የሚለያቸው ሰው ብዙ አይደለም።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አንባቢ ብዕር ያንሣ። የተለመደው ዓይነት፣ ማለትም ከፍተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው አንዱ ካሬ ሜትር 940 ግራም ገደማ ይመዝናል። 7 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል 700 ካሬ ነው። ስለዚህ ጥቅሉ 658 ኪሎ ያህል መምጣት አለበት። ሚዛን ላይ ወጥቶ 494 ኪሎ ካሳየ የያዛችሁት ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። 329 ኪሎ ካሳየ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሻጩ ምንም ብሎ ይማል። በአንድ ጥቅል ላይ ከ160 እስከ 330 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ጠፋ ማለት ነው። ቡና ወይም ሰሊጥ ሲገዛ ለአንድ ኪሎ የሚጨቃጨቅ ነጋዴ እዚህ ላይ ለምን ዝም እንደሚል አይገባኝም።

ሚዛን ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። ፕላስቲኩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጨምሮ ክብደት የሚያሳድግ አምራች በዓለም ገበያ አይጠፋም። ለዚህም ወጪ የሌለው መፈተኛ አለ። ከጠርዙ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ በባልዲ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ፖሊኢትሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ዱቄት የበዛበት ይሰምጣል። (ፒቪሲ የተባለው ሌላው ዓይነት በተፈጥሮው ይሰምጣልና ዓይነቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።) ተንሳፈፈ ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክ የተሠራውም ይንሳፈፋል። እሱን የሚለየው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው የካርቦን ጥላሸት መጠን ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ መሆን አለበት። ፕላስቲኩን ያጠቆረው እሱ ነው፤ ከፀሐይ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በደጋው አገራችን ፀሐይ ላይ ይህ መጠን የጎደለው ወይም በደንብ ያልተሰራጨ ዕቃ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ የነጋዴ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሣሁት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገጠሩ የተካሄደውን የውሃ ማቆር ዘመቻ እናስታውስ። ኩሬ በገፍ ተቆፈረ፣ ፕላስቲክ በገፍ ታደለ። ብዙዎቹ ኩሬዎች ግን ውሃ ሳይዙ ቀሩ። ስስ የነበረው ፕላስቲክ በድንጋይ ተበሳ፣ በፀሐይ ተቃጠለ፣ ከብት ረገጠው፤ የቀረውም ለቤት ጣሪያና ለእህል መሸፈኛ ዋለ። ገበሬው ጉልበቱን ከስሯል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፕላስቲክ ኩሬ ሲነገረው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነጋዴውም በራሱ እጅ አንድ ሰፊ ገበያ ለዓመታት አቀዘቀዘ።

ከተማው ዘንድ ያለው ነገር የባሰ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከመረበት ቆሼ ከሥሩ ምንም ያልተነጠፈለት ቦታ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ንጣፍ ክምር እንዳይናድ ያደርጋል አልልም፤ ያ ሌላ ሙያ ነው። እኔ የማነሣው ከክምሩ እየተጣራ ለዓመታት ወደ መሬት የሚወርደውን ጥቁር ፍሳሽ ነው። ከተማው ከአቃቂ ጉድጓዶች የከርሰ ምድር ውሃ እያወጣ የሚጠጣ መሆኑን ላፍታ እናስብ። ቆሼን ይተካል ተብሎ በፈረንሳይ ገንዘብ የተሠራው የሰንዳፋው ማስወገጃ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆመ። ገበሬው ሽታውንና ፍሳሹን ነበር የተቃወመው። እንዲህ ያለ ቦታ ዳግም ሲሠራ ነዋሪው "ውሃችን አይበከልም" የሚለውን ቃል በወሬ አይቀበልም፤ ልክ ነው።

በሌላው አገር ይህ በደንብ ተደንግጓል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ደንብ ለከተማ ቆሻሻ ማስወገጃ የሚነጠፈው ፖሊኢትሊን ከ1.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ከሥሩም 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር እንዲኖር አዘዋል። ፕላስቲኩ ብቻውን አልታመነም፤ አፈሩም ብቻውን አልታመነም።

ለነጋዴ ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱም ገጠማው። ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እጅ ሲዘረጋ ከመጥፎ ዕቃ አይሻልም። መሬቱ ከሹል ድንጋይ መጽዳት አለበት፤ ጠርዙ ዙሪያውን በቦይ መቀበር አለበት። ቁራጮቹ የሚጋጠሙት በሙጫ ሳይሆን በሙቀት ብየዳ ነው። ደህና ማሽን ሁለት ትይዩ መስመር በይዶ በመካከላቸው ባዶ መተላለፊያ ይተዋል። በዚያ መተላለፊያ ውስጥ አየር ተነፍቶ ጌጁ ካልወረደ ብየዳው ይዟል ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ ፈተና የት ይገኛል? ሌላም አለ፦ ይህ ፕላስቲክ በሙቀት ይረዝማል። በ30 ዲግሪ ልዩነት 100 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ያህል ይለጠጣል። በእኩለ ቀን ወጥሮ የበየደው ሰው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብየዳውን እንደሚጎትት አይወቅ ይሆናል፤ ባለ ገንዘቡ ግን ይወቅ።

አንድ ተቃውሞ እሰማለሁ፤ ተገቢም ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወዷል፤ በአገር ውስጥ የሚያመርቱትም ጥሬ ዕቃውን የሚያመጡት ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙን ማን ይገዛል ይባላል። እኔ ግን የምለው ይኸውም ኪሎ የበለጠ እንዲቆጠር ያደርጋል ነው። ዕቃ በረከሰ ጊዜ የጎደለ 160 ኪሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ ዛሬ ግን የብዙ ሺህ ብር ጉዳይ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበቃበት ቦታም አለ፤ ለዓሣ ገንዳ ወይም ለትንሽ ኩሬ ስሙን ተናግሮ በዋጋው መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ በ1 ሚሊ ሜትር ስም መሸጡ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ "ጥቁር ጂኦሜምብሬን፣ ይህን ያህል ካሬ" ብለው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ መስጠታቸውን ሊያቆሙ ይገባል። ውፍረቱ፣ በካሬ ሜትር ሊመዝን የሚገባው ግራም፣ የጥላሸቱ መቶኛ፣ የብየዳው ፈተና፣ የገጠመው ድርጅት ዋስትና ለስንት ዓመት እንደሆነ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ከክፍያውም ጥቂቱ ኩሬው አንድ ክረምት ውሃ ይዞ እስኪታይ ድረስ ይያዝ። ሐቀኛው አስመጪ ከዚህ የሚጎዳበት ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ ጨረታ የሚሸነፈው እሱ ነውና።

ጨረታ እስኪስተካከል ለማይጠብቀው የግል ባለሀብት ደግሞ መንገዱ አጭር ነው። ፕሮፎርማው በካሬም በኪሎም ይምጣለት፤ ጥቅሉ ከመኪና ሳይወርድ ሚዛን ይለፍ፤ የተገኘው ኪሎ ደረሰኙ ላይ ይስፈር። የሚዛኑን ኪራይ ሻጩ ይቻለው።