የባሩድ ልክ

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። በዚያች በቦረና ከተማና በዙሪያዋ ባለው የወሎ ደጋ ግን በብዙ ቤት ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የዛሬው ጭውውታችን ስለ ባሩድ ልክ ቢሆን አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር አይሉትም። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለአሮጌ መሣሪያ፣ ወይም በአሮጌ አምሳል ለተሠራ ሽጉጥ፣ የሚስማማው ጥይት የትኛው ነው? ኀይለኛው ወይስ ለዘብ ያለው?

የመልሱን መጀመሪያ ከዚያው ከወሎ ደጋ እናገኘዋለን። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች በመቅደላ አጠገብ ከፋላ ላይ ሆነው ወደ አሮጌ ሜዳ ሲተኩሱ፣ ከትልልቆቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከልኩ በላይ ጎርሶ ነበር ይባላል። ያን ያህል ድካም የፈሰሰበትን መድፍ የሰበረው እንግዲህ የባሩድ ማነስ አይደለም፤ መብዛቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አገራችን የገባው ውጅግራም የሚያስተምረን ነገር አለ። ውጅግራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሠራዊት የተቀበለው የግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም፣ ባሩዱም 5 ግራም ከሩብ ያህል ነበር። ጥይት ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ለመገበያያ የዋለበት ዘመን ነበር። ስለዚህ የተተኮሰ ቀልሃ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ አገር ውስጥ በተቀመመ ባሩድ እንደገና ይሞላ ነበር። የአገር ባሩድ ከፋብሪካው ይልቅ ደካማ ቢሆንም፣ ድካሙ ጠመንጃውንም ተኳሹንም የሚያተርፍ ድካም ነበረ።

ይህን ለመረዳት ሁለቱን የባሩድ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። ጥቁሩ ባሩድ ከመቶ እጅ 75 ያህሉ ጨው ጴጥሮስ፣ 15 ያህሉ ከሰል፣ 10 ያህሉ ድኝ ነው። ጢሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ግን መጠነኛ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጢስ አልባውን ባሩድ አገኘ። ይህኛው በክብደት ሲተያይ የጥቁሩን ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት አለው። ደግሞም ግፊቱ ሲጨምር አነዳደዱ ይፈጥናል፤ አነዳደዱ ሲፈጥን ግፊቱ መልሶ ይጨምራል። እንግዲህ ለጥቁር ባሩድ የተሠራን ቀልሃ እስከ አፉ በጢስ አልባ ባሩድ የሚሞላ ሰው በእጁ የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ቦምብ ነው።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንምጣ። በጣሊያን አገር እንደ ኡቤርቲ ያሉ ፋብሪካዎች በ1873 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣውን የኮልት ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በአምሳሉ ይሠራሉ። በዚህ ሽጉጥ ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ያሻል፤ የምላጩ ሥራ መዶሻውን መልቀቅ ብቻ ነው። ብረቱ የዛሬ ቢሆንም ቅርጹ የድሮው ነው። የሚሽከረከረው የጥይት ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ይልቁንም መቆለፊያው በሚገባበት ጎድጓዳ ላይ ይሳሳል። ለ.45 ኮልት ጥይት የተወሰነው የግፊት ጣሪያ 950 አትሞስፌር ያህል ሲሆን፣ ለዘመናዊው .44 ማግነም ግን ከ2,400 ይበልጣል። ቀልሃው በመጀመሪያ የተሠራው 2 ግራም ተኩል ያህል ጥቁር ባሩድ እንዲይዝ ነበር፤ የአሜሪካ ሠራዊት ፋብሪካ ለወታደሮቹ የሞላው ግን 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለጦርነት የበቃው ለዒላማ አይበቃም የሚል ማን ነው?

በውጭ አገር ፈቃድ ያላቸው የዒላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ራሳቸው ሲሞሉ ጥቂት ሕጎችን ያከብራሉ። ልኩን የሚወስዱት ከባሩዱ ፋብሪካ ሰንጠረዥ ነው እንጂ ከወዳጅ ወሬ አይደለም። ከሰንጠረዡ ዝቅተኛ ልክ ይጀምራሉ። ከዚያ በታች ግን አይወርዱም፤ ባሩዱ ከመጠን በላይ ሲያንስ አረሩ በአፈ ሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራልና፣ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስ መሣሪያው ይፈነዳል። ሌላም አደጋ አለ። ጥቂቱ ጢስ አልባ ባሩድ በሰፊው ቀልሃ ውስጥ ከታች ብቻ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ቀልሃ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢሞላ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ አስተዋዩ ሰው ቦታ የሚይዝ ባሩድ ይመርጣል፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመር ፈስሶ ራሱን ያጋልጣልና። አረር ከመግጠሙ በፊትም እያንዳንዱን ቀልሃ በብርሃን ያያል።

ይህን ስንጽፍ ማንም በቤቱ ጥይት ይሙላ ማለታችን አይደለም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ነገር ግን አንባቢዎቻችን ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ለበዓል ወደ አገራችሁ ስትገቡ በሠርግና በለቅሶ የሚተኮሰውን ታያላችሁ። አንድ አጎት ወይም አንድ ጎረቤት ምንነቱ ባልታወቀ ባሩድ የተሞላ ቀልሃ ወደ አሮጌ ጠመንጃ ሲያጎርስ ብታገኙ፣ በአክብሮት ግን ሳታፍሩ፣ «ጋሼ፣ ይህ ባሩድ ለዚህ ብረት አልተሠራም» በሉት። ምናልባት ያናደው ይሆናል። ዐይኑንና ጣቶቹን ከማጣት ግን መናደድ ይሻላል።

ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል። ማር የሚያመርረው አፍን ብቻ ነው፤ ባሩድ ሲበዛ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነው።