ሐዲዱ አለ፤ ጠጋኙስ?



ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ኮምቦልቻ ሲደርስ ባቡር ሳይሆን ሐዲድ የሚያይበት ዘመን እጅግ ረዘመ። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ ገንዘቡም በብዛት ብድር ነው። የመሠረቱ ድንጋይ በ2007 ዓ.ም. ተጣለ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም እስከ ሐራ ገበያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ተሠራ። ነገር ግን ባቡሩ የሚነዳበት የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይቀርብለት ቀረና የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐዲድ ለዓመታት መንገደኛ ሳያሳፍር ተጋደመ። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ የባቡሩም ንብረት፣ የዩኒቨርሲቲያችንም ቤተ ሙከራ ተዘረፈ።

ይህን ሁሉ የምታውቁት ነው። ለቅሶ ለመድገም አልተነሣንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ነገ ጧት ኃይሉ ቢለቀቅ፣ ባቡሩም ፉጨቱን እያሰማ ኮምቦልቻ ቢገባ፣ ከነገ ወዲያ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

«እሱማ በኋላ ይታሰብበታል፤ ድሃ አገር መጀመሪያ ትግዛ» የሚሉን አሉ። እኛ ደግሞ በኋላ ይታሰብበታል የተባለ የጥገና ቤት ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም እንላለን። አዲስ አበባን ማየት ይበቃል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። 39 ጣቢያዎች፣ 41 ባቡሮች፣ ሁለት የማደሪያና የጥገና ቅጥሮች፣ አንዱ ቃሊቲ፣ አንዱ አያት። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ በቻይናውያን እጅ ነበረ። ሕዝቡም ተጋፍቶ ተሳፈረ፤ ርካሽ ነበርና ወደደው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ከ41 ባቡሮች በሥራ ላይ የነበሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። የቀሩት መለዋወጫ አጥተው ቆመው ነበር።

ምን ነካቸው? ቦምብ አልወደቀባቸውም። የባቡር እግር ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ፣ ይልቁንም ዳገትና ጥምዝ በሚበዛበት ከተማ፣ ይበላል። ቅርጹ ሲዛባ በቶርኖ ተልጦ ይስተካከላል፤ ተልጦ ተልጦ ሲያልቅ ይለወጣል። ፍሬኑ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይለቃል፣ ከሽቦው 750 ቮልት የሚቀበለው ክንድ ይፋቃል። ይህ አደጋ አይደለም፤ ባቡር ባቡር በመሆኑ ብቻ በየቀኑ የሚደርስበት ነው። ስለዚህ ባቡር የገዛ ሰው የጥገና ቤት አብሮ ገዝቷል፤ ያልገዛ እንደ ሆነ ባቡሩን የገዛው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ዕዳው ግን የባቡሩን ያህል ፈጥኖ አያረጅም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ ቸግሮን የተበደርነውን ጤፍ ምጣድ ሳናዘጋጅ አቦካነው!

ይህች አገር የጥገና ቤት አታውቅም ነበርን? ታውቃለች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በጣቢያውና በጥገና ቤቱ ዙሪያ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ፣ እስከ 1909 ዓ.ም.፣ ሌላ 14 ዓመት አለፈ፤ የድሬዳዋ ቶርኖ ግን ቀድሞ ይዞር ነበር። በዚያ ቤት ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ትውልድ ከትውልድ ሠራ። ፈረንሳይኛውን ከአለቃው፣ ሥራውን ከብረቱ ተማረ። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ ሊሠራ የሚቻለውን እዚያው ሠራው።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የጅቡቲ መስመር ተመረቀ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው መኪና ለአዲሱ ባቡር እንደማይሆን እንቀበላለን። የድሮው ሰው ግን ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይለካልን? የመቶ ዓመት ዕውቀት የተሸከሙ ሽማግሌዎች የአዲሱ መስመር አስተማሪ መሆን ሲገባቸው፣ አዲሱ መስመር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በውጭ ኩባንያዎች እጅ ተመራ። እነሆ ሁለት ጊዜ ከፈልን፤ አንድ ጊዜ ለባዕድ ዕውቀት፣ አንድ ጊዜ የራሳችንን ስንጥል።

«ገንዘብ የለም» ለሚሉን የኤርትራን ነገር እንጥቀስ። የምጽዋ አስመራ ባቡር፣ 118 ኪሎ ሜትሩ፣ በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ አንዳንዶቹ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ሐዲዱን ከየምሽጉ ሰበሰቡ፤ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣሊያን ውስጥ የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች አስመራ ባለው የጥገና ቤት ፈታተው ገጠሙ፤ በ1995 ዓ.ም. ገደማ መስመሩ እንደ ገና ተገናኘ። ባቡሩ ብዙ ሕዝብ አመላለሰ አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ እጅ ካለ የሞተ ሐዲድ ይነሣል፤ እጅ ከሌለ አዲስ ሐዲድ ይሞታል።

ከዚህም የቀረበ ምስክር አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የመሣሪያ መሥሪያ አቁመው በአውሮፓውያን ባለ እጆች ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ባለ እጆቹም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጋፋት ሌላ መድፍ አልወጣም። መድፉ ቀረ፤ ጥበቡ ግን ከሰዎቹ ጋር ሄደ። ኮምቦልቻ ሁለተኛ መቅደላ፣ ባቡሩም ሁለተኛ ሴባስቶፖል እንዲሆን እንፈልጋለንን?

እስካሁን ጣታችንን ወደ ሌላ ቀሰርን። አሁን ወደ ራሳችን እንመልሰው።

ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ ከማዕድ ያራቀ ማን ነው? የእኛው ማኅበረሰብ ነው። ያ ስድብ ዛሬ ካባ ለብሶ በግቢያችን ይመላለሳል። ከመካከላችን መካኒካል ምሕንድስና አምስት ዓመት ተምሮ እጁ ግራሶ እንዳይነካው የሚሸሽ የለምን? ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ ከወጣነው ጥቂቶቻችን ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ወራቱን ፎቶ ኮፒ በማንሣት ፈጀነው። መሥሪያ ቤቱን መውቀስ ይቻላል፤ ወቅሰናልም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ወረቀቱ ማኅተም እስከ ተመታበት ድረስ ቅር ያላለን ብዙዎች ነበርን። ያው ሰሞን ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብተን፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ የተሰበረ ማርሽ በብየዳ ሞልቶ፣ በቶርኖ አስተካክሎ፣ አይሱዙውን ወደ መንገዱ ሲመልስ አየን። የማርሹን ጥርስ ሒሳብ እኛ እናውቅ ነበር፤ ማርሹን የሠራው ግን እሱ ነው። ሒሳቡና እጁ በአንድ ሰው ላይ ያልተገናኙባት አገር ባቡር ሊኖራት ይችላል፤ የባቡር ባለቤት ግን አትሆንም።

መምህራኖቻችን «ያለ መሣሪያ እንዴት እናስተምር?» ይሉናል። ትክክል ነው፤ በ2014ቱ ዘረፋ የጠፋው ብዙ ነው። ግን ከቅጥራችን ጥቂት ርቀት ላይ ሐዲድ፣ ጣቢያና የምልክት ዕቃ እያለ፣ የባቡርን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መሣል ብቻ ተገቢ ነውን? ሕክምና የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆስፒታል ይገባሉ። ምሕንድስና የሚማረውስ ሆስፒታሉ የት ነው? የጥገና ቤት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን፤

1ኛ. በኮምቦልቻ የሚሠራው የባቡር ጥገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤትም ይሁን። ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያስተምራቸው ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ይመደቡለት፤ ሳያስተምር የሚሄድበት ውል አይፈረም።

2ኛ. የዩኒቨርሲቲያችን የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ በወረቀት ብቻ አይሁን። አንድ የተበላሸ ነገር ጠግኖ ያላሳየ አይመረቅ።

3ኛ. የድሬዳዋ የጥገና ቤት አንጋፋዎች በሕይወት ሳሉ ይጋበዙ፤ የሚያውቁት በአማርኛና በየቋንቋቸው ይጻፍ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ወስደን የራሳችን ያደረግን ሰዎች የባቡሩን መመሪያ በገዛ ቋንቋችን መጻፍ አያቅተንም።

4ኛ. የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዥ ባለሙያዎች ወደ ቤተ ሙከራችን እንዲገቡ፣ እኛም ወደ ጋራዣቸው እንድንገባ በር ይከፈት። ዲፕሎማ የላቸውም ተብሎ አይከልከሉ።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ የለም። ሦስቱ ፈቃድና ትሕትና ብቻ ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው የመንግሥት ነው፤ አቤት እንላለን፣ መልስ እስክናገኝም አንተኛም። የቀሩት ግን በእኛና በመምህራኖቻችን እጅ ናቸው፤ ለነዚህ የማንንም ፊርማ አንጠብቅም።

አራተኛውን ከመጪው ቅዳሜ እንጀምራለን። ከዚህ ማኅበር የተውጣጣን ተማሪዎች ቱታችንን ለብሰን ደሴ ወደዚያው ጋራዥ እንመለሳለን። ልጁ እንዲያስተምረን ጠይቀነዋል፤ እሺ ብሏል። በምላሹ እኛ ሒሳቡን እናስተምረዋለን። መምጣት የሚወድ ሁሉ፣ መምህርም ቢሆን፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይምጣ።